ከግቢው በር እስከ እማዬ ወንበር

ታይፔ፣ በ9ኛው ወር 14ኛ ቀን

እትዬ ሹዪን፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አራት ቀን ሆነ። አራቱንም ቀን መልሱን በጭንቅላቴ ስጽፍ ሰነበትኩ እንጂ እስክሪብቶ አላነሳሁም፤ በዚህ ይቅር በይኝ። ለጤናዬ አትስጊ፣ ያው እንደምታውቂኝ ነኝ። ወገቤ ብቻ ከጣሪያ ጣሪያ ገመድ ስጎትት ከኔ ቀድሞ አርጅቷል።

የጠየቅሽኝን ልመልስ። አዎ፣ ይቻላል። ኢንተርኔቱ ኪንመን ደሴት ድረስ ዘልቆ ቤታችን ከገባ፣ እማዬ አዳራሹ ውስጥ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ፊቴን ታያለች፤ እኔም እሷን አያለሁ። ሐኪሙ «ከጨረቃው አዲስ ዓመት በኋላ ዓይኗ ጥላ ብቻ ነው የሚለየው» ካለ፣ ያለን ጊዜ አራት ወር ነው። ለዋዜማው ራት ይደርስላታል። ቃሌ ነው።

ግን እትዬ፣ ኢንተርኔቱን በቤቱ የሚያሰራጨው ራውተር እንደ ሰዓት ግድግዳ ላይ ሰቅለውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም። መጀመሪያ ካርታ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ድርጅት ካርታ ሳያሠራ አርባ ራውተር ገዝቶ ጠራን። ግማሹ ከብረት መደርደሪያ ጀርባ ሊሰቀል ነበር፤ እዚያ ደግሞ ሲግናሉ አያልፍም። አንዱን ግድግዳ ሁለት ጊዜ በሳነው፣ አለቃዬም ሁለት ጊዜ ታመመ። የኛ ቤት ደግሞ ግማሹ ጥርብ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ቤቱን ሳይልኝ። የየግድግዳው ውፍረት፣ በሮቹ፣ ሶኬቶቹ፣ ማታ ማታ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ሁሉም ይግባ። ደግሞ ግቢው በር ላይ ካለው የስልክ ምሰሶ እስከ እማዬ ወንበር ስንት እንደሆነ ለኪልኝ፤ ገመዱ የሚገባው በዚያ ነው።

ለምን አትደውልም እንዳትይኝ። ስልኩ ያለው ታላቅ ወንድማችን ጋሼ ጓንግሼን አጠገብ ነው። እሱ ካነሳው እዘጋዋለሁ፤ ከዘጋሁት ደግሞ እኔ መሆኔን ያውቃል። አንቺ ፖስታ ቤት ስለምትሠሪ ደብዳቤዬ በማንም እጅ ሳያልፍ ይደርስሻል። ለእማዬ እስኪያልቅ ድረስ ምንም አትንገሪያት።

ወንድምሽ ቺሁዋ


ኪንመን፣ በ9ኛው ወር 26ኛ ቀን

ቺሁዋ፣

ሁላችንም አለን። ንፋሱ ገና ሳይጀምር ነው የምጽፍልህ፣ ከጀመረ በኋላ እንደምታውቀው ሰው ሳይሆን አቧራ ነው የምንሆነው።

ሳይልኝ ያልከኝን ስያለሁ። ሜትሩ የጋሼ ነው፤ ቢላዋ የሚቀጠቅጥበት ክፍል ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ብጠይቀው «ለምን?» ይለኛል። ስለዚህ በክንዴ ለካሁት። ግድግዳውን በክንድ፣ ወለሉን በክንድ። ተንበርክኬ ግቢውን ስለካ የጋሼ ሚስት መይፌን መጣችና «ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ። «የጆሮ ጌጤ» አልኳት። ምስኪን፣ አብራኝ ተንበርክካ ግማሽ ሰዓት ፈለገችልኝ።

እማዬን ግን ማን ይሸውዳታል! «ማነው ቤቴን የሚያስለካሽ? ልትሸጡት ነው?» አለች። ነገርኳት። አትቆጣኝ፣ ዓይኗ ቢደክምም እሷ ፊት መዋሸት አልሆነልኝም። «ፊቱ ከስቷል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አላየሁትም» አልኳት።

«እኔም» አለች።

ከግቢው በር እስከ ወንበሯ አርባ ዘጠኝ ክንድ ነው። መለካት የጀመርኩት አንተ ከተመለስክበት ቦታ ነው። ይህን አልጠየቅከኝም፣ ልተወውም አስቤ ነበር፤ አልቻልኩም። አባዬ ሲሞት ሁለት ቀን ጠበቅንህ፤ የደረስከው የሬሳ ሣጥኑ ከተዘጋ በኋላ ነው። ዘግይቶ የደረሰ ልጅ ከግቢው በር እስከ ሣጥኑ በጉልበቱ እየዳኸ እንደሚገባ ታውቃለህ። አያታችን የሞቱ ጊዜ አጎታችን ሲድህ አንተና እኔ እጅ ለእጅ ተያይዘን አይተናል። ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ «ተንበርከክ» ሲልህ፣ መንደሩ ሁሉ ዓይኑን ተክሎብህ፣ አንተ ሱፍህን እንደለበስክ ቆመህ ቆመህ ዞረህ ሄድክ። ይኸው አስራ አንድ ዓመት። ለዚያውም በአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ።

ካርታውን አጥፌ እዚሁ ውስጥ አድርጌዋለሁ። ገበታው ዙሪያ ያሉት አምስት ክቦች ወንበሮች ናቸው፣ ድንች እንዳይመስሉህ።

እህትህ ሹዪን


ታይፔ፣ በ10ኛው ወር 9ኛ ቀን

እትዬ ሹዪን፣

ካርታሽ ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። መሥሪያ ቤት ይዤው ብሄድ ጓደኞቼ «አንድ ክንድ ስንት ነው? የማን ክንድ?» እያሉ ቀኑን ሙሉ ሲስቁብኝ ዋሉ። እውነታቸውን ነው። ያንቺ ክንድ ከኔ ያንሳል፤ ገመድ ደግሞ በማንም ክንድ አይሸጥም። እባክሽ እንደምንም ብለሽ በሜትር ለኪልኝ። የእማዬን መኝታ ቤት ከአዳራሹ የሚለየውን ግድግዳ ውፍረት ደግሞ ረስተሽዋል። ድንጋይ ከሆነ ዕቃውን ሌላ ቦታ ማሰብ አለብኝ።

ገበታው ላይ አምስት ወንበር ስለሻል። እናንተ አራት ናችሁ፤ እማዬ፣ ጋሼ፣ መይፌን፣ አንቺ። አምስተኛውን በቀይ ሰርዤዋለሁ። ካርታ ላይ የሌለ ሰው ከተቆጠረ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል፤ በሥራችን ትልቁ ስህተት እሱ ነው። የታረመውን ካርታ መልሼ ልኬልሻለሁ።

ስለ በሩ ጽፈሻል። አንድ ጊዜ ብቻ ልመልስልሽ፣ ከዚያ ይብቃን። አውሮፕላኑን ያገደው ያ ጭጋግ የኔ ጥፋት አልነበረም። ሁለት ቀን ሙሉ ኤርፖርት ወለል ላይ ሱፌን እንደለበስኩ ተኝቼ፣ አሁን ይገለጣል አሁን ይገለጣል እየተባልኩ፣ አባዬ ሳላየው ሣጥኑ ሲዘጋበት እየታወቀኝ ነው የመጣሁት። ጋሼ «ደረስክ?» እንኳን አላለኝም። አንዲት ቃል፣ እትዬ። «ደረስክ?» ቢለኝ ኖሮ ከአውሮፕላኑ ጀምሬ እድህ ነበር። ጉልበቴ አልታጠፍም ያለው ለአባዬ አይደለም፤ ለጋሼ ነው።

ዕቃውን ገና አልገዛሁም። ካርታው ይለቅ።

ቺሁዋ


ኪንመን፣ በ10ኛው ወር 23ኛ ቀን

ቺሁዋ፣

ቀዩን መስመርህን አየሁት። ብዙ ቀን ልመልስልህ አልፈለግኩም፤ ልቤን ነው የሰበርከው።

አምስተኛው ወንበር ያንተ ነው። ዋዜማ ማታ ከቤት የራቀ ሰው ካለ ልብሱ ወንበሩ ላይ እንደሚዘረጋ ከተማ ገብተህ ረሳኸው? እማዬ በየዓመቱ ያን የትምህርት ቤት ኮትህን፣ ክርኑ ላይ የተጣፈውን፣ ከሣጥን አውጥታ ወንበርህ ላይ ትዘረጋዋለች። ከዓሣው የሆዱን ሥጋ ቆርጣ ፊት ለፊቱ ታስቀምጣለች። እንኳን ልናነሳው ልንነካውም አትፈቅድም። ሲያልቅ «በላ» ትላለች። ጋሼ አንገቱን ደፍቶ አረቄውን ይጠጣል፤ አንድም ቀን ግን «ኮቱን አንሺ» ብሎ አያውቅም።

የሰረዝከው ራስህን ነው። እርማትህን ለእማዬ እያነበብኩላት ነበር፤ እዚያ ስደርስ ዘለልኩት።

ሜትሩን በተመለከተ፣ ደፍሬ ጋሼ ጋ ገባሁ።

«ሜትሩን ስጠኝ።»

«ለምንሽ?»

«ለቺሁዋ።»

ስምህ እዚያ ክፍል ውስጥ ተጠርቶ አያውቅም። መዶሻውን አስቀመጠ፣ ሜትሩን ከምስማሩ አውርዶ ሰጠኝ። ልወጣ ስል «የበሩ ድንጋይ ወፍራም ነው፣ እኔ እበሳዋለሁ። ገመዱን ግን ራሱ መጥቶ ይዘርጋ» አለኝ። ከሱ አፍ ይህ ብዙ ነው፤ እንደ ቀላል አትየው።

ከበሩ እስከ ወንበሯ ሃያ ሁለት ሜትር ነው። የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ድንጋይ ነው። እማዬ ትንሽ ድካም አላት እንጂ ደህና ናት።

ሹዪን


ታይፔ፣ በ11ኛው ወር 12ኛ ቀን

እትዬ ሹዪን፣

ደብዳቤሽን አውቶብስ ውስጥ ከፈትኩት፤ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ አልፌ ነው የነቃሁት። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም። ኮቱን አውቀዋለሁ። እጅጌው ላይ ከእስክሪብቶ ያፈሰስኩት ቀለም አለ፣ እማዬ ሦስት ጊዜ አጥባው አልለቅ ያላት። እንዲህ ያለውን ነገር ሰው እንዴት ይረሳል? እኔ እንጃ፣ ረሳሁት። አምስተኛውን ክብ መልሼ ስዬዋለሁ።

የግድግዳው ነገር ግን አስቸገረኝ። ግድግዳው ድንጋይ ከሆነ፣ ለራውተሩ የሚሻለው ቦታ የቤቱ መሃል ነው። የቤቱ መሃል ደግሞ የሙታኖቻችን ስም በእንጨት ተጽፎ የሚቆምበት የአያቶቻችን መንበር ነው። ከስማቸው በላይ ዕቃ አልሰቅልም፤ አባዬ ከመቃብር ተነስቶ ይቆጣኛል። ስለዚህ የመንበሩን ቁመትና ከጎኑ ያለውን ባዶ ግድግዳ ለክተሽ አንድ ካርታ ብቻ ጨምሪልኝ። የመጨረሻው ነው።

ጋሼ ራሱ መጥቶ ይዘርጋ ያለውን አነበብኩ። አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሰባት ፎቅ እየዘረጋን ነው፣ አለቃዬ ፈቃድ የሚባል ቃል መስማት አይፈልግም። ዕቃውን በፖስታ እልከዋለሁ፤ አንቺ ትሰኪዋለሽ፣ ቀላል ነው፣ በቁጥር ጽፌ እልክልሻለሁ።

ድካም ስትይ ምን ዓይነት ድካም ነው? ትበላለች?

ቺሁዋ


ኪንመን፣ በ12ኛው ወር 5ኛ ቀን

ቺሁዋ፣

ለጥያቄህ፣ አዎ፣ ትበላለች። ሌላ ነገር ግን አትጠይቀኝ።

ካርታው እነሆ። ሦስተኛው ነው። አራተኛ ካስፈለገህ ሌላ እህት ፈልግ። መንበሩ ላይ ወጥቼ ስለካ የአባዬ ስም የተጻፈበትን እንጨት ልጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ይህን ስጽፍ እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና «ለሱ ነው የምትጽፊው? እኔ የምልሽንም ጻፊ» አለችኝ። ቃሏ ይኸው፣ አልጨመርኩም አልቀነስኩም፦

«ቺሁዋ፣ እናትህ ነኝ። ከሆዴ ስትወጣ ካርታ አልጠየቅክም። ጨለማ ነበር፣ ጠባብ ነበር፣ በጭንቅላትህ መጥተህ መንገዱን አገኘኸው። አሁን ምን ሆነህ ነው? ያን መስታወት ላክ አትላክ ግድ የለኝም። የጎረቤታችን የአሚንግ እናት ከልጇ ጋር በሱ ስታወራ ወስደው አሳዩኝ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ጆሮዋን ብቻ አሳይታው ወጣች። እኔም እንደዚያው ነው የምሆነው። ወንድምህ ይጮህብህ ይሆናል። ይጩህ፣ አንተም ዝም በል፣ ከዚያ ራት እንበላለን። ዓይኔን ተወው። ጆሮዬ ደህና ነው፤ በሩን ስታልፍ ኮቴህን እሰማዋለሁ። ካንተ ሌላ ግራ እግሩን የሚጎትት ልጅ የለኝም።»

ይህን ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ሰሞኑን ቀን ቀን ብዙ ትተኛለች።

ሹዪን


ታይፔ፣ በ1ኛው ወር 5ኛ ቀን

እትዬ ሹዪን፣

ልናዘዝልሽ ነው፤ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ራውተሩን የገዛሁት በ9ኛው ወር፣ የመጀመሪያ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ነው። አልጋዬ ሥር ተቀምጧል። ካሜራውም ስክሪኑም አብረውት አሉ። ካርታሽ ደግሞ ከመጀመሪያውም ይበቃ ነበር። በክንድሽ የለካሽውን በአንድ ቁጭታ ወደ ሜትር ቀይሬ፣ ገመዱን ቆርጬ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ «በር» እና «እማዬ» ብዬ ጽፌ ጠቅልዬ ጨርሼዋለሁ። ግድግዳው፣ መንበሩ፣ ሆስፒታሉ፣ ሁሉም ሰበብ ነው። አለቃዬ እንኳን ትናንት ስጠይቀው «ሂድ እንጂ፣ ማን ያዘህ?» ነው ያለኝ።

ፈርቼ ነው። እማዬ ፊቴን ካየችው «ለምን ዞረህ ሄድክ?» ትለኛለች ብዬ ነው። እውነተኛውን መልስ ባውቀው ኖሮ ለራሴም በነገርኩት ነበር። ካርታው እስካላለቀ ድረስ ግን እየመጣሁ ያለሁ ይመስለኝ ነበር። በየምሽቱ እያወጣሁ አየዋለሁ። እዚህ እማዬ፣ እዚህ አንቺ፣ እዚህ ወንበሬ ላይ ኮቴ። ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

አሁን በቃኝ። ትኬት ቆርጫለሁ፤ ለ18ኛው ቀን ጠዋት፣ ከዋዜማው ሦስት ቀን ቀድሜ። ለጋሼ ንገሪው፣ ድንጋዩን ይብሳው፣ ገመዱን ራሴ እዘረጋለሁ። ይጮህም እንደሆን ይጩህብኝ። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ እንደደረሰሽ አሁኑኑ አንብቢላት። «የዓሣው ሆድ ዘንድሮ በእውነተኛ አፍ ይበላል» በያት።

እየመጣሁ ነው።

ቺሁዋ


ኪንመን፣ በ2ኛው ወር 11ኛ ቀን

ቺሁዋ፣

ታይፔ በደህና መግባትህን መይፌን ነገረችኝ። እዚህ ሳለህ ፊት ለፊት ልነግርህ ያቃተኝን በወረቀት ልንገርህ፤ በኛ ቤት እንደሆነ ደንቡ ይኸው ሆኗል።

ያ የመጨረሻ ደብዳቤህ የደረሰው በ9ኛው ቀን ጠዋት ነው። ከረጢቱን ራሴ ፈትቼ፣ ጽሑፍህን ለይቼ፣ ለምሳ ሰዓት ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ሳልከፍተው መይፌን በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። ከዚያ በኋላ ነው የደወልኩልህ። አንተ ሳትደርስ የእማዬ የሬሳ ሣጥን ከመዘጋቱ በፊት አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩላት። አሁኑኑ አንብቢላት ብለህ የለ?

በጉበቷ መታመሟን ከ10ኛው ወር ጀምሮ አውቅ ነበር። «ልሞት ነው ተብሎ እንዳይመጣ። ናፍቆኝ ይምጣ» ብላ አስማለችኝ። ትበላለች ያልኩህ ውሸት ነው። በቀን ሁለት ማንኪያ ገንፎ መብላት ከተባለ ትበላ ነበር። የሷን ቃል ጠበቅኩና አንተን ከለከልኩህ። ይቅር በለኝ አልልህም፤ እኔም ራሴን ይቅር ማለት አልሆነልኝም።

በመጨረሻው ሳምንት ዋዜማው ሳይደርስ ኮትህን አስወጣችኝ። ወንበርህን አልጋዋ አጠገብ አስጠጋሁ፣ ኮቱን ዘረጋሁበት። ዓይኗ ጨርሶ ደክሞ ስለነበር በእጇ ነው የምታየው፤ ክርኑ ላይ የተጣፈውን እየነካች። ስታርፍ እጅጌውን እንደያዘች ነው።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ጋሼ አይነግርህምና እኔ ልንገርህ። ያንተ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቀን ንጋት ላይ ተነስቼ ባይ፣ ጋሼ የሐዘን ልብሱን እንደለበሰ ከበሩ እስከ አዳራሹ ተንበርክኮ ጠጠር ይለቅም ነበር። በመጥረጊያ አይደለም፣ በእጁ። «ምን እያደረግክ ነው?» ብለው «ጉልበቱን ይወጋዋል» አለኝ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም።

ራውተሩ እስከነማሸጊያው ወንበሯ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ ድንጋዩን በስቶታል፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፈነዋል፣ ንፋሱ ግን ያፏጭበታል። ምን እናድርገው? ካርታው ላይም ከበሩ እስከ ወንበሯ ሁለት ቁጥር ተጽፏል፣ የኔ ክንድና የጋሼ ሜትር። የትኛውን ልተወው? ጉልበትህስ ዳነ?

ሹዪን


ታይፔ፣ በ2ኛው ወር 20ኛ ቀን

እትዬ ሹዪን፣

ጉልበቴ ድኗል። ጠጠሩ ቢለቀምም ድንጋዩ ያው ድንጋይ ነው። መንገዱ ለምን እንደዚያ ንጹህ እንደሆነ ግን ያኔ አልገባኝም ነበር። ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ብዙ አለቀስኩ፤ ለእማዬ ካለቀስኩት አይተናነስም።

ስለ ገንፎው አትጨነቂ። አንቺ አልከለከልሽኝም። ትኬቱ በ9ኛው ወርም ይሸጥ ነበር።

ጨርቁን ከቀዳዳው አታውጪው። በ4ኛው ወር በየዓመቱ ለሚደረገው የመቃብር ጠረጋ እመጣለሁ፤ ገመዱን ከጋሼ ጋር እንዘረጋዋለን፣ እሱ ከበሩ እኔ ከውስጥ። ራውተሩን ከመንበሩ ጎን፣ አንቺ በለካሽው ባዶ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ። ለጋሼ እስከዚያው ስልክ እደውላለሁ በይው። ሲያነሳው አልዘጋም።

ስለ ቁጥሩ፣ ሁለቱንም ሰርዢያቸው። ስደርስ ጋሼ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ደረስክ?» አለኝ። ተንበርክኬ ወንበሯ ቦታ ላይ ወዳረፈው ሣጥኗ ዳህኩ። ክንዴን መሬት ላይ ሳነጥፍ ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ፤ ከዚያ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ሃያ ላይ ስደርስ «በሩን ስታልፍ ኮቴህን እሰማዋለሁ» ያለችው ትዝ አለኝ። በጉልበቱ የሚመጣ ሰው ኮቴ የለውም፣ እትዬ። ስለዚህ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ሐዘንተኛው ያበድኩ መስሎት ሲተያይ ነበር፤ ይምሰለው።

በኔ ክንድ አርባ አራት ነው። ካርታው ላይ ይህን ጻፊ።

ቺሁዋ